ተዘግቶ የሚያፈስ ጣሪያ

አባቴ መኪናዋን የገዛው ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ነበር። የወተት ቀለም ነበራት፤ አሮጌ ነች፤ ዳገት ስትይዝ ታጉረመርማለች። በቡታጅራ ከነበሩት ጥቂት መኪኖች የሚለያት ግን ጣሪያዋ መከፈቱ ነው። ከፊት መስታወቱ በላይ ያለችውን ትንሽ እጀታ ሲያሽከረክሯት፣ ከጣሪያው መካከል ትልቅ ትሪ የሚያህል ቆርቆሮ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ሰማይ ይታያል።

አባቴ ይህን ነገር ከመጀመሪያውም አልወደደውም። የጨርቅ ነጋዴ ነው። ጣሪያዋ ስለሚከፈት የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ አናቷ ላይ ሊታሰርባት አልተቻለም፤ ስለዚህ የካኪውና የአቡጀዲው ጣቃ እንደ ተከበረ እንግዳ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። «ፀሐይ የናፈቀው ሰው ያሠራት ናት፤ እኛ ደግሞ ፀሐይ መቼ አጣን?» ይል ነበር።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ በከተማችን ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርኩ ገና ዓመቴ ነበር። ክረምት ሆኖ ትምህርት ሲዘጋ ቤት ዋልኩ። ከሰው ጋር መነጋገር ስለሚከብደኝ ቤት መዋሉን አልጠላሁትም፤ መጽሐፌን ይዤ መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ። የመኪናዋ ነገር ባይመጣ ኖሮ ክረምቱ እንደዚያው ባለፈ።

ጨርቁ መርጠብ የጀመረው ሰኔ ላይ ነው። ሾፌራችን በገበያ ቀን ጨርቅ ጭኖ እንሴኖ ላለው ለአባቴ ሸሪክ ያደርሳል፤ ሲመሽ ያልተሸጠውን ይዞ ይመለሳል። አባቴ ክረምት ክረምት ጉልበቱን ስለሚያመው ከሱቁ አይነቃነቅም። ዝናብ መንገድ ላይ ባገኛት ቀን ሁሉ ታዲያ የላይኛው ጣቃ ረጥቦ ይገባል። አባቴ መጀመሪያ የጠረጠረው ላስቲኩን ነበር። መኪናዋን አዲስ አበባ ልኮ በጣሪያው ዙሪያ ያለውን ላስቲክ በአዲስ አስለወጠ። ስትመለስ እኔን ውስጥ አስቀምጦ አንድ ባልዲ ውሃ አናቷ ላይ ደፋ። ኮርኒሱን በእጄ ዳበስኩት፤ ደረቅ ነው። በሚቀጥለው ገበያ ካኪው እንደገና ረጠበ።

ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬው ከላስቲኩ ወደ ሰው ዞረ።

«ላስቲኩ አዲስ ነው። ውሃ ደፍተን አይተናል» አለ አባቴ ምሳ ላይ። «እንግዲህ ዝናቡ በየት ገባ? ከፍቶት ነው።»

«ዝናብ እየዘነበ ለምን ይከፍተዋል?» አልኩ።

«ሊጭንበት ነዋ! ቀርከሃ፣ የእንሰት ችግኝ፣ የሰው ዕቃ። ረዥም ነገር ጣሪያው ካልተከፈተ የት ይገባል? በእኔ ቤንዚን ለራሱ ይነግዳል።» ከኪሱ የደረቀ የኮባ ቅጠል ቁራጭ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ይኸው፣ ከወንበሩ ሥር ያገኘሁት። እኔ ኮባ እሸጣለሁ?»

እናቴ ሳህኑን ስታነሳ፣ «ወንድሜ መንጃ ፈቃዱን ካወጣ ወዲህ አዲስ አበባ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል» አለች። ከጨዋታው ጋር ምን እንዳገናኘው ያን ጊዜ አላሰብኩበትም።

አባቴ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። «ለመስቀል አገሩ ጉንችሬ ሲሄድ እዚያው ይቅር። ለምን እንዳስወጣሁት የጠየቀኝን ሁሉ ደግሞ አልደብቅም፤ እነግረዋለሁ።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። መኪና ያላቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ አንዱ ጋ ቡና ሲጠጡ የተወራው ሌላው ጋ ሳይመሽ ይደርሳል። ከባለቤቱ ተደብቆ ይጭናል ተብሎ የወጣ ሾፌር ከቡታጅራ እስከ አዲስ አበባ ድረስ መሪ የሚያስጨብጠው አያገኝም። ሰውየው ደግሞ ከዚህ ሌላ ሙያ አልነበረውም። ያለፈውን መስቀል በሥራ ምክንያት አገሩ አልገባም፤ ዘንድሮ ወንድሞቹ የመስቀሉን በሬ ያለ እሱ ጥለው እንደማያርዱ ልከውበታል። ይህን ለሁሉም ሰው ነግሯል።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለኝ አባቴ። «በዝምታ አጣሪልኝ።»

ሾፌሩ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ረዥም፣ ነገር የማያልፍ ቀልደኛ። እሱን ፊት ለፊት መጠየቅ እንደማልችል አውቃለሁ፤ ሲያናግረኝ እንኳ የምመልሰው ወደ ጫማዬ እያየሁ ነው። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈለግሁ። በገበያው ቀን ማለዳ፣ እሱ ሳይመጣ፣ ከእናቴ ጧፍ ቆርጬ ከመጋረጃው ጨርቅ የመዘዝኳቸውን ነጫጭ ክሮች በሰሙ በጣሪያውና በሚከፈተው ቆርቆሮ መጋጠሚያ ላይ አጋድሜ ለጠፍኳቸው። ቆርቆሮው ከተንሸራተተ ክሮቹ ይበጠሳሉ። በወተት ቀለሙ ላይ ጨርሰው አይታዩም ብዬ ነበር።

ሲመሽ ተመለሰ። ካኪው ረጥቧል። ሮጬ ጣሪያውን አየሁ፤ ክሮቹ እንዳሉ ናቸው።

«አንዱም አልጎደለም» አለ ከኋላዬ።

«ምኑ?»

«ክሩ ነዋ። ሲወለወል ጧፍ ጧፍ ሸተተኝ። መኪና ላይ ጧፍ ሲለጠፍ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለየትኛው ታቦት ነው እመቤት?»

መልስ ሳልሰጠው ቤት ገባሁ። ለአባቴ ክሩ እንዳልተበጠሰ ስነግረው፣ «አይቶት ነበር?» አለኝ።

«አይቶታል።»

«እንግዲያው ከፍቶ፣ ጭኖ፣ አራግፎ፣ መልሶ ለጥፎታል። ጧፍ በየሱቁ ይሸጣል።» ስለዚህ በሚቀጥለው ገበያ እኔው ራሴ አብሬው እንድሄድ ተወሰነ።

ኋላ ወንበር ላይ ከጣቃዎቹ ጎን ተቀመጥኩ። ቦታው ጠባብ ስለነበር አንድ ጣቃ ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። ከተማውን እንደወጣን በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑ ከዓይኔ ጋር ተጋጨ።

«እርስዎ ከኋላ ሆነው እኔን ይጠብቃሉ» አለ፤ «እኔ በመስታወት እርስዎን እጠብቃለሁ። መንገዱን ማን ይጠብቀው?»

ልስቅ ነበር፤ ግን አፌን ያዝኩ። የመጣሁት ለመሳቅ አይደለም።

ጥቂት እንደሄድን አንዲት ሴት መንገድ ዳር ቆማ እጇን አነሳች። መኪና የምትለምን ሰው እጅ አልነበረም፤ የሚጠብቁት ሰው ሲመጣ እንደሚነሳው ያለ እጅ ነው። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ የያዘው ሳያስበው መሰለኝ። ሴትየዋ የፊቱን በር ራሷ ከፍታ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች።

«አሰላሙ ዐለይኩም! ዛሬ ደግሞ ምን አስረፈደህ? እግሬ ነቃ እኮ!»

ያን ጊዜ እኔን አየችኝ። ፊቷ ላይ ያለው ሁሉ ባንዴ ተሰበሰበ። ሾፌሩ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አላት፤ ከሞተሩ ጩኸት ጋር አልሰማሁትም። ቆጮዋን መልሳ አንስታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ስንነሳ ከጥቅሉ የወደቀ የኮባ ቁራጭ ወንበሩ ላይ ቀርቶ ነበር። እያየሁት አነሳና በመስኮት ጣለው።

«ታውቃታለህ?» አልኩ።

«በዚህ መንገድ የማላውቀው ዛፍም የለም እመቤት።»

እንግዲህ አባቴ ልክ ነው አልኩ በልቤ። ይጭናል። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከጣሪያው እጀታና ከሁለቱ እጆቹ አልነቀልኩም። አንድ ጊዜ አንገቱን ለማከክ እጁን ሲያነሳ እንኳ ትንፋሼን ያዝኩ።

ዝናቡ ሳናስበው ወረደ። ጣሪያው ከበሮ ሆነ፤ መጥረጊያው እየተንሰፈሰፈ መስታወቱን ማጥራት አቃተው። እጀታዋን አየሁ፤ ዝም ብላለች። ኮርኒሱ ደረቅ ነው። ረዥም ጊዜ እንደዚህ ሄድን። ከዚያ ወደ አንድ ጅረት ቁልቁል ወርደን፣ ውሃውን ተሻግረን ዳገቱን ስንይዝ፣ መኪናዋ ወደ ኋላ እንዳዘነበለች፣ ከራሴ በላይ ካለው የኮርኒሱ ጠርዝ ውሃ ባንዴ ተንዠቅዥቆ ጣቃውና ጭኔ ላይ ፈሰሰ።

«አቁም!» አልኩ። በሕይወቴ ሰው ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

አቆመ። ሁለት እጆቹ መሪው ላይ ናቸው። ዞሮ እርጥቡን ቀሚሴን አየ።

«ማን ከፈተው?» አለኝ።

«ማንም።»

«ማንም ማለት እኔ ነኝ ወይስ ማንም ነው? ለይተው ይንገሩኝ።»

«ማንም አልከፈተውም» አልኩት።

ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቅን። ሲያባራ፣ «አሁን ብከፍተው ምስክር ይሆኑኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። እሺ አልኩት። እጀታዋን አሽከረከረ፤ ቆርቆሮው ወደ ኋላ ሄደ፤ እሱ ከፊት በር እኔ ከኋላ በር ወጥተን፣ መወጣጫው ላይ ቆመን አናቷን አየን።

በክፍቱ ዙሪያ፣ ከቆርቆሮው በታች፣ እንደ ቤት አሸንዳ ያለ ቀጭን ቦይ አለ። አፉ ድረስ ውሃ ሞልቶ ቆሟል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ላስቲኩ አዲስም ይሁን አሮጌ ጥቂት ጥቂት ውሃ ያሳልፋል፤ ቦይው የተሠራው ያንን ለመቀበል ነው። አንድ ባልዲ ውሃ ስለማይሞላው ግቢያችን ውስጥ ደረቅ ሆነ። ረዥም ዝናብ ይሞላዋል፤ ዳገት ሲመጣ ይገነፍላል።

«አሸንዳ የሠራ ሰው መውረጃ ሳይሠራለት አይቀርም» አልኩ። ከእሱ ጋር እንደዚህ ማውራቴ ራሴን ገረመኝ።

«ይፈልጉዋ፤ ጣትዎ ከእኔ ይቀጥናል።»

እጄን ውሃው ውስጥ ከትቼ ጥጉን ዳበስኩ። ቀዳዳ አገኛለሁ ስል ቋጠሮ አገኘሁ። ያዝ አድርጌ ሳብኩት። ጠበቅ ብሎ የተፈተለ፣ ጫፉ የተቋጠረ የቃጫ ውታፍ ወጣ። ውሃው ጎርጎር ብሎ ወረደና ታች ጎማው አጠገብ መንጠባጠብ ጀመረ። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ደቀነበት፤ «ኧረ እዚህ ወጣ!» አለ እየሳቀ። ሌሎቹም ጥጎች እንደዚያው ተወትፈው ነበር። አንድ በአንድ ነቀልናቸው።

ውታፉን መዳፌ ላይ አድርጌ ሳየው ሳቄ ጠፋ። ቅቤ ተቀብቷል። በእኛ አገር የወተት መግፊያው እንስራ ጎኑ ላይ ትንፋሽ የሚወጣባት ትንሽ ቀዳዳ አለችው። እየገፉ ሳለ የምትወተፈው በእንዲህ ያለ ቃጫ ነው፤ እንዳታንጠባጥብ ቅቤ ይቀባል፤ ቶሎ እንዲነቀል ጫፉ ይቋጠራል። ወንድ ይህን አይፈትልም። በእኛ ግቢ ወተት የምትገፋው ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ሾፌሩ ውታፉን ከእጄ ወስዶ አሸተተው። የእሱም እናት ትገፋለች።

«ቅቤው መልካም ነው» አለና መለሰልኝ። «እኔ ይህን አላየሁም።»

«እንዴት አላየሁም ትላለህ? ያንተን እውነት የሚያወጣ እኮ ነው።»

«ለጋሼ ምን ልበላቸው? ‹ባለቤትዎ መኪናዋን እንደ እርጎ እንስራ ወትፈዋታል› ልበል? አሁን በአንድ ጥፋት ልባረር ነው። በሁለት አልባረርም።»

የቀረውን መንገድ ጨረስን። ውሃ የሚባል አልገባም፤ ስንመለስም እንደገና ዘነበ፣ ወንበሩ ግን አልረጠበም።

ማታውኑ ውታፎቹን ማድ ቤት ለእናቴ አሳየኋት። አንዱን አንስታ በጣቶቿ አፍታታችው፤ የራሷን ሥራ እንደምታውቅ ሰው።

«የት አገኘሽው?»

«የወተፍሽበት ቦታ።»

«ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ስንመጣ ነጠላዬ አፈር ብቻ አልሆነም?» አለች። «ሾፌሩ ጣሪያውን ከፍቶ ሲወለውል ቀዳዳዎቹን አየሁ። አቧራው በዚህ ነው የሚገባው ብዬ ወተፍኩ። ምን አጠፋሁ?»

«ውሃ መግባት ሲጀምርስ?»

«ቀዳዳ ስለደፈንኩ ውሃ ገባ ብል አንቺ ራስሽ ታምኚኛለሽ? ቀዳዳ ሲደፈን ውሃ ይቆማል እንጂ ይገባል?»

ነገሩ እውነት ይመስላል። እኔም ቦይውን በዓይኔ ባላየው ኖሮ እንደ እሷ ነበር የማስበው። ግን እናቴ ሰው በሐሰት ሲከሰስ ዝም የምትል ሴት አይደለችም፤ ለጎረቤት ዶሮ እንኳ ትሟገታለች። በዚህ ጉዳይ ግን ክረምቱን ሙሉ ዝም ብላለች። ደግሞ በዚያው ሰሞን ከግቢው በር አጠገብ ያለችውን ባዶ ክፍል በጭቃ አስመርጋ፣ አልጋ አስገብታባታለች። ለማን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ሰው አይጠፋም» ብላኛለች። ለመኪናዋ የምትቀርብ ክፍል ለሾፌር ማደሪያ ትመቻለች፤ አዲስ አበባ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው ወንድሟ ትዝ አለኝ።

«ለአባትሽ እኔ እነግረዋለሁ» አለችኝ። «አንቺ ተዪው። ከእኔ ሲሰማው አይቆጣም።»

ተውኩት። እየጠበቅሁ መስከረም ጠባ። ምሳ ላይ፣ እራት ላይ አፏን አያለሁ፤ ስለ ሽንኩርት ታወራለች፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ ታወራለች። ጨርቁ ስለማይረጥብ አባቴ ደግሞ ሌላ አገኘ፤ «አየሽ? አንቺ አብረሽው ከሄድሽ ወዲህ ፈርቶ መክፈት ተወ» አለኝ። በሠራሁት ነገር ሰውየውን ጨርሼ ቀበርኩት ማለት ነው።

ሾፌሩ አገሩ የሚሄድበት ቀን ደረሰ። ሻንጣውን ይዞ ቁልፉን ሊያስረክብ ሱቅ መግባቱን ከመስኮቱ አየሁ። አባቴ ምን ሊለው እንደተዘጋጀ አውቃለሁ። ውታፎቹን ይዤ መንገዱን አቋረጥኩ። ሱቁ ውስጥ ገበያተኞች ነበሩ፤ ሰው ፊት መናገር እንደሚያንቀጠቅጠኝ አባቴ ስለሚያውቅ ስገባ ሲያየኝ ደነገጠ።

«አባባ፣ ውሃው የገባው በዚህ ነው» ብዬ ውታፎቹን መደርደሪያው ላይ አኖርኳቸው። «የጣሪያው አሸንዳ መውረጃ አለው፤ መውረጃው ተወትፎ ነበር። እየዘነበ፣ ተዘግቶ ሳለ፣ እኔ ላይ ፈሷል። ከነቀልነው ወዲህ አላፈሰሰም።» ድምፄ ሁለት ቦታ ተቆረጠ፤ ግን ጨረስኩት።

አባቴ አንዱን ውታፍ አነሳ። ቋጠሮውን አየ፤ በአውራ ጣቱ ቅቤውን ዳበሰ። ማን እንደፈተለው አልጠየቀኝም። ከእናቴ ጋር የኖረው ከእኔ ዕድሜ በላይ ነው።

«አንተ ይህን አይተኸዋል?» አለው ሾፌሩን።

«እኔ የማየው መንገዱን ነው ጋሼ።»

አንድ ገበያተኛ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በመንገድ ላይስ? ሰው አልጫነም?»

ሾፌሩ ሻንጣውን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ። ያቺ ሴት በሩን ራሷ ከፍታ ቆጮዋን ስታስቀምጥ በዓይነ ልቦናዬ መጣችብኝ። አባቴ የሚፈልገው ይህችን ወሬ ብቻ ነው፤ ብነግረው ጣሪያውም፣ ውታፉም፣ ሁሉም ይረሳል።

«የላክኸኝ ስለ ጣሪያው ነው» አልኩ። «ጣሪያውን አልከፈተም።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

ለአባቴ እንደዚህ መልሼለት አላውቅም። እሱም ቁልፉን ከሾፌሩ ተቀብሎ ከኋላው ባለው ምስማር ላይ ሰቀለው። «ስትመለስ ከዚህ ታነሳዋለህ» አለው። «መስቀሉን እንደጨረስክ ናና።» ሾፌሩ ወገቡን ሰበር አድርጎ እጅ ነሳ። በአጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም፤ እኔም አላየሁትም።

ገበያተኛው ከወጣ በኋላ አባቴ ውታፎቹን ሰብስቦ መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው። «ከእንግዲህ አንቺንም ደግሜ ደግሜ ነው የምጠይቅሽ» አለኝ። እየቀለደ መሰለኝ፤ ፊቱን ሳየው ግን እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም።

ቤት ስደርስ እናቴ ደጅ ልብስ እያሰጣች ነበር። ከየት እንደመጣሁ አልጠየቀችኝም።

«ሾፌሩ ከመስቀል በኋላ ይመለሳል» አልኳት።

«እሰይ» አለች ቶሎ ብላ። ፊቷን ማየት ፈልጌ ነበር፤ በመካከላችን የተሰጣው አንሶላ ከለለኝ።